ከቡናው ጥላ ሥር እስከ እንግዳ መቀበያው

ከቦንጋ ከተማ ወጥቶ ወደ ከፋ ደን የሚገባ መንገደኛ፣ ዐይኑ የሜዳውን ብርሃን ትቶ የደኑን ጽላሎት እስኪለምድ ድረስ ጥቂት ይቆምና፣ ከዚያ በኋላ የዕፀዋቱን ማዕርግ ከላይ ወደ ታች እየለየ ማየት ይጀምራል፤ በላይ ቀረሮውና ዋንዛው ቅርንጫፋቸውን አጋጥመው ሰማዩን ሸፍነውታል፤ በመካከል ቡናው፣ ማንም ሳይተክለው በራሱ የበቀለው ጥንታዊው ቡና፣ ቀጭን ግንዱን ወደ ብርሃን ይስባል፤ ከቡናውም ጎን፣ አንዳንድ ጊዜም ከርሱ በታች፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ እንደ በቆሎ ቅጠል ረዝሞ ወደ ታች የሚታጠፍ፣ አረንጓዴነቱ የጠለቀ አንድ ሌላ ተክል በብዛት ቆሞ ይገኛል። የዕፀዋት ሊቃውንት ድራሴና ፍራግራንስ ብለው የሚጠሩት ይህ ተክል፣ የአዲስ አበባ ባንክ ቤቶች፣ የሆቴል መግቢያዎች፣ የሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍሎችና የብዙ ቤተ ሰብ ሳሎኖች በትልቅ ማሰሮ ተክለው የሚያቆሙት፣ ባለቤቶቹም አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ የፈረንጅ አበባ ነው የሚሉት እርሱው ራሱ ነው።

በሀገረ ሙላዱ ያን ያህል ክብር የለውም። ከደን ቡና የሚለቅመው ገበሬ ቡናው እንዳይታፈንበት የሥሩን ቁጥቋጦ በገጀራ ሲመነጥር፣ ድራሴናውንም ከሌላው ጋር አብሮ ይጨፈጭፈዋል፤ ለገበሬው ቡናው እንጀራው ነውና ይህን አድርጎ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ተክሉ ግን በዚህ አይሞትም። ከተቆረጠው ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሁለት ወይም ሦስት እንቡጥ ያወጣል፤ ወደ መሬት የወደቀውም ቁራጭ የረጠበ ብስባሽ ከሸፈነው ሥር ሰዶ እንደገና ይነሣል። ይህን ጠባዩን የሚያውቁ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ሰዎች ግንዱን እየቆረጡ በግቢያቸው ዙሪያ ይተክሉታል፤ አጥሩም ሚስማርና ሽቦ ሳይፈልግ ከዓመት ዓመት ይወፍራል።

ከሀገራችንም ወሰን ወዲያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ የሚኖሩት ቻጋዎች ማሳሌ ብለው የሚጠሩትን ይህን ተክል የርስታቸውን ድንበር ያመለክቱበታል፤ ሰው ሰውን በድሎ ዕርቅ ሊጠይቅ ሲሄድም ቅጠሉን ቋጥሮ ይዞ ይቀርባል፤ ማሳሌ ይዞ የመጣውን ሰው ፊት መንሣት በነርሱ ዘንድ እጅግ የሚያስነውር ነገር ነው። እንዲህ ያለ ማዕርግ የነበረው ቅጠል በሌላ ሀገር የገንዘብ ቆጣሪ መስኮት ማጀቢያ ሆኖ መቅረቱ፣ ለእኔ፣ ከሹመት መውረድ ይመስለኛል።

አውሮፓውያን ያወቁት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1762 ከሌላ ወገን ጋር ደምሮ ሰየመው፤ እንግሊዛዊው ጆን ኬር ጎለር ደግሞ በ1808 ከዚያ አውጥቶ አሁን ወዳለበት ወደ ድራሴና ወገን አገባው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ታላቅ ጥናት፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከአዘጋጆቹ አንዱ በሆኑበትና በ1997 በታተመው 6ኛ ቅጽ የድራሴናን ወገን ከሀገሪቱ ተወላጅ ዕፀዋት ጋር መዝግቦታል። ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚዘዋወረው ድራሴና ከእኛም ሆነ ከጎረቤቶቻችን ደን የሚሄድ ሳይሆን፣ እንደ ኮስታሪካ ባሉት ሞቃትና ዝናባም ሀገሮች በሰፊ እርሻ ላይ የሚበቅል ነው። እዚያ ግንዱ በመጋዝ እየተቆራረጠ፣ የላይኛው ጫፉ እርጥበቱ እንዳይተንበትና ብስባሴ እንዳይገባበት በሰም ይታሸግና፣ በመርከብ ተጭኖ ወደ ሩቅ ሀገር የአትክልት ቤቶች ይሄዳል፤ ሥር ከሰደደም በኋላ አጭር፣ መካከለኛና ረዥም የሆኑ ሦስት ግንዶች በአንድ ማሰሮ ተተክለው ለሽያጭ ይቀርባሉ። ስለዚህ አንድ ዛፍ የገዛ የሚመስለው ሰው የገዛው ሦስት ጎረቤታሞችን ነው፤ ከሦስቱም አንዱ ቢደርቅ ሁለቱ የግድ አይከተሉትም።

በአዲስ አበባ በየወንዙ ዳርና በየአውራ ጎዳናው ጥግ ችግኝ ከሚሸጡት ወጣቶች ዘንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆም ያለ ሰው የሚሰማው ጭውውት ከሳምንት ሳምንት ብዙ አይለወጥም። ነጠላቸውን ያጣፉ እመቤት ከረዥሙ፣ በቅጠሉ መካከል ቢጫ ጥለት ካለበት ድራሴና ፊት ቆመው ሻጩን ይጠይቁታል።

«ልጄ፣ ይኼ አይሞትብኝም? ባለፈው የወሰድኩት ሦስት ወር አልቆየልኝም።»

«እማማ፣ ውኃ ስንት ጊዜ ያጠጡት ነበር?»

«በየማለዳው ነዋ! አንድ ቀን አላጎደልኩበትም።»

«እሱ ነው እንግዲህ» ይላል ልጁ፣ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ፤ «አሁን ይኼን ሲወስዱ ማለዳ ማለዳ ሰላም ብለውት ብቻ ይለፉ። ጣትዎን እስከ መካከሉ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ከቀዘቀዘዎት ይተዉት።»

በዚህ ምክር ላይ ከታላላቅ የአትክልት መጻሕፍት የሚጨመር ብዙ ነገር አይገኝም፤ ነገር ግን ልጁ ያልተናገረው፣ ምናልባትም ሽያጩን እንዳያሰናክልበት ብሎ የተወው አንድ ቁም ነገር አለ። ገዢ ማሰሮውን ከመሸከሙ በፊት ሦስቱን ግንዶች አንድ በአንድ ይዞ በቀስታ ማወዛወዝ ይገባዋል፤ ሥር የሰደደ ግንድ አፈሩን ይዞ ይቆማል፤ ከሰሞኑ የተሰካው ግን ሳይታገል ይንቀሳቀሳል። ቅርፊቱንም በአውራ ጣት ሲጫኑት ጠንካራ መሆን አለበት፤ ከለሰለሰና ከተሸበሸበ ውስጡ መበስበስ ጀምሯል። የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ ገልብጦ ማየትም ደግ ነው፤ በዚያ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወይም ድር የተገኘ እንደ ሆነ ተባዩ አብሮ ወደ ቤት ይገባልና። የማሰሮው ቂጥ ቀዳዳ ከሌለውም ዋጋው ምንም ቢረክስ አይወሰድ።

የተክሉን አኗኗር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ወደ ደኑ መመለስ አለበት። በታላላቅ ዛፎች ሥር ወደ መሬት የሚደርሰው ብርሃን በላይ ከሚወርደው ከመቶው ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ እርሱም በቅጠሎች ክፍተት ሾልኮ ለጥቂት ደቂቃ ከታየ በኋላ ቦታ ይለውጣል። ድራሴና ይህን ትንሽ ሲሳይ አብቃቅቶ ለመኖር የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ሌላ ተክል በሚመነምንበት ክፍል ውስጥ ጸንቶ ይቆያል፤ ደግሞም ስለዚሁ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቀጥሎም ይቃጠላል። የማለዳ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ይስማማዋል። እጅን ከቅጠሉ በላይ ዘርግተው ጥላው ደብዘዝ ብሎ ከታየ ብርሃኑ ይበቃል፤ ምንም ጥላ ካልታየ ግን ተክሉ የሚኖረው በግንዱ ውስጥ ያከማቸውን ስንቅ እየበላ ነው፤ ይህም ስንቅ ብዙ ወራት ስለሚያቆየው ባለቤቱ ደኅና የሆነ ይመስለዋል። ቢጫ ጥለት ያለው ዐይነት ከሌላው የበለጠ ብርሃን ይሻል፤ ቢጫው ክፍል ብርሃንን ወደ ምግብ የሚለውጠው ሐመልማል የጎደለው በመሆኑ ሥራው ሁሉ በአረንጓዴው ጠርዝ ላይ ይወድቃል፤ በጨለማ ክፍል ያደረም እንደ ሆነ አዲሱ ቅጠል ጥለቱ እየጠፋ ይወጣል።

ወደ ውኃው ነገር እንመለስ። በቤት ውስጥ የሞቱትን ድራሴናዎች መርምሮ የሞታቸውን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም ቢኖር ኖሮ፣ በአብዛኞቹ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ውኃ የበዛበት የሚል ቃል በሆነ ነበር። ሥር ውኃ ከመጠጣቱ ሌላ ይተነፍሳልና፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች አየር መያዝ ይገባቸዋል፤ በየዕለቱ ውኃ ሲሞላባቸው አየሩ ይወጣል፤ ሥሩም ታፍኖ መሞት ይጀምራል፤ በሞተውም ሥር ላይ በአፈር ውስጥ ተሸሽጎ የኖረ የብስባሴ ሻጋታ ይሠለጥንበታል። ሥር ያጣ ተክል ደግሞ በውኃ መካከል ቆሞ ይጠማል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም መጠውለጉን አይቶ፣ አዝኖለት፣ ሌላ ጣሳ ይጨምርለታል። ከዚህ የሚብስ የርኅራኄ ስሕተት በቤት ውስጥ አላየሁም። በተለይ ሦስት ግንድ የተተከለበት ማሰሮ ሲታይ ትልቅ ነው፤ ግንዶቹ ግን ከዋናው ዛፍ ተቆርጠው የተተከሉ ስለ ሆኑ ሥራቸው ገና አጭርና ጥቂት ነው፤ በዙሪያቸው ያለው አፈር ውኃውን ጠጥቶ የሚያደርቅለት ሥር ሳያገኝ ለሳምንታት እንደ ረጠበ ይቆያል። ስለዚህ ሲጠጣ በቂ ሆኖ፣ በማሰሮው ቀዳዳ እስኪወርድ ድረስ ይጠጣ፤ ከሥሩ በተቀመጠው ሳሕን ላይ የተጠራቀመውም ይደፋ፤ ከዚያ በኋላ የላይኛው አፈር እስኪደርቅ ይቆይ። ልማድ ያለው ሰው ማሰሮውን አንድ ጎኑን ከፍ አድርጎ በክብደቱ ብቻ ያውቀዋል።

በብዙ ቤት የሚሠራበት ሌላ ልማድ አለ፤ ውኃው ቶሎ እንዲወርድ ታስቦ ከማሰሮው ግርጌ ጠጠር ይነጠፋል። አሳቡ መልካም ይመስላል፤ ፊዚክሱ ግን አይደግፈውም። በደቃቅ አፈር ውስጥ ያለ ውኃ ክፍተቱ ወደ ሰፋው ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ፈጽሞ ከጠገበ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ረግረግ የሚሆነው የአፈር ክፍል በማሰሮው ቂጥ መሆኑ ቀርቶ በጠጠሩ ላይ፣ ማለት ወደ ሥሩ ይበልጥ ቀርቦ ይቀመጣል። ጠጠር የሚወድ ሰው ከአፈሩ ጋር ይደባልቀው። ከጥቁር መሬት የተቆፈረ ጭቃ ለብቻው አይሆንም፤ በደንብ የበሰበሰ የቅጠል ወይም የቡና ገለፈት ብስባሽ፣ ጥቂት ሻካራ አሸዋና ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሲቀላቀሉበት ግን በደን ወለል ላይ ያለውን ልል አፈር ይተካል።

አሁን የሚነገረው ብዙ ባለቤቶችን ያስጨነቀ፣ እኔም ከሁሉ ይልቅ አስደናቂ ሆኖ ያገኘሁት ነገር ነው።

ሐዋሳና ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ናቸው። ሐዋሳ ያለችበት የስምጥ ሸለቆ ሞቃት ነው፤ ሌሊቱም እንደ ደጋው አይበርድም፤ እንዲህ ከሆነ ቦንጋ የለመለመ ተክል በሸለቆው ከተሞችም ሊለመልም ይገባዋል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን በዚያ አካባቢ ውኃውን ከጥልቅ ጉድጓድ በሚስብ ግቢ ውስጥ፣ በረንዳው ላይ በተደረደሩት ማሰሮዎች ያሉትን ድራሴናዎች ቀርቦ የተመለከተ ሰው፣ የእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ደርቆ ቡናማ ሆኖ፣ በደረቁና በለምለሙ መካከል ቀጭን ቢጫ መሥመር ተሠምሮበት ያገኘዋል። አትክልተኛዋ ይህ የጥማት ምልክት ነው ብላ ውኃውን ታበዛዋለች፤ በወሩ የደረቀው ሌላ አንድ ጣት ይጨምራል።

ምክንያቱ ፍሎራይድ የተባለው በውኃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን ነው። የስምጥ ሸለቆ ዐለት በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ የከርሰ ምድሩም ውኃ በዚህ ዐለት ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲመላለስ ፍሎራይዱን ያሟሟል፤ ካልሲየም ያነሰው ውኃ በመሆኑም ፍሎራይዱን ይዞ የሚያስቀርለት ነገር የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፣ በሸለቆው ከሚገኙት ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ከ10 ሚሊግራም ያልፋሉ። በዚያ አካባቢ ተወልደው ያደጉ የብዙ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው፤ ጥርሱ በልጅነት ሲሠራ ፍሎራይዱ አብሮ ስለሚገባ፣ ካደጉ በኋላ የሚደረግ ፍቅፋቆ አያስለቅቀውም። የልጁን ጥርስና የድራሴናውን ቅጠል ጫፍ ያጠቆረው አንድ ማዕድን፣ ከአንድ ጉድጓድ የወጣ መሆኑን ባለቤቶቹ ሲሰሙ መጀመሪያ አያምኑም።

በተክሉ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ውኃው ከሥር ተስቦ በግንዱ ወደ ቅጠሉ ይወጣና በቅጠሉ ገጽ ይተንናል፤ ፍሎራይዱ ግን መትነን ስለማይችል ውኃው መንገዱን በሚጨርስበት በጫፉና በጠርዙ ይቀራል፤ ተክሉም መልሶ ወደ ሌላ አካል የሚወስድበት መንገድ የለውም። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እየተከማቸ ሕዋሳቱን ይገድላቸዋል። ድራሴና ከቤት ውስጥ ዕፀዋት ሁሉ ይህን ማዕድን እጅግ ከማይችሉት ወገን ነው፤ ቅጠሉ ረዥም ዕድሜ ያለው ስለ ሆነ የሚያከማችበት ጊዜም ረዥም ነው።

ውኃውን ማፍላት ምንም አይረባም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ ፍሎራይዱ በቀረው ላይ ይበዛል። በባልዲ አሳድሮ ማጠጣትም ለክሎሪን እንጂ ለፍሎራይድ መድኃኒት አይሆንም። በአካባቢው ለሰው መጠጥ የሚሆነውን ውኃ በከሰለ የከብት አጥንት የማጣራት ዘዴ ተሠርቶበታል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ውኃ ለሰው ይድረስ፤ ለአበባው የሰማዩ ይበቃዋል። በዘመነ ክረምት የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን አጥቦ ካለፈ በኋላ፣ ከአሸንዳው ሥር በርሜል አቁሞ ያጠራቀመ ሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ አንዳንድ ሊትር ብቻ ለሚጠጣ ተክል የብዙ ወራት ስንቅ ያገኛል። ከፎስፌት ድንጋይ የሚሠራው ማዳበሪያ ራሱ ፍሎራይድ ስላለበት ለድራሴና አይመረጥም፤ ወደ አፈሩ የሚጨመር ጥቂት የእርሻ ኖራ ደግሞ ኮምጣጣነቱን ቀንሶ ፍሎራይዱን ያስረዋል። አንዴ የደረቀው ጫፍ ተመልሶ አይለመልምም፤ ዐይን የሚያስቀይም ከሆነ በመቀስ እንደ ቅጠሉ ቅርጽ ሹል አድርጎ መከርከም ይቻላል፤ ሲከረከም ግን ከደረቀው ቀጭን ጠርዝ መተው ያስፈልጋል፤ መቀሱ ለምለሙን የነካ እንደ ሆነ ቁስሉ እንደገና ደርቆ አዲስ ቡናማ መሥመር ይሠራል።

የአዲስ አበባ ሰው ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣውን ውኃ የሚያጠጣ ከሆነ በዚህ በኩል ስጋቱ ትንሽ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩት ወገኖቻችን ግን በሌላ መንገድ ወደዚያው ችግር ይገባሉ፤ በዚያ ሀገር ለጥርስ ጤና ተብሎ በቧንቧው ውኃ ላይ በሊትር ወደ 0.7 ሚሊግራም ፍሎራይድ ይጨመራል፤ ለሰው ልጅ የተመጠነው ይህ መጠን በዓመታት ብዛት ለድራሴና ሊበዛበት ይችላል። በክረምታቸው ደግሞ ቤቱ በማሞቂያ ሌት ተቀን ሲነፍስበት አየሩ ስለሚደርቅ ጥቃቅኑ ቀይ ተባይ በቅጠሉ ሥር ድሩን ያደራል። ከማሞቂያው አፍ ማራቅና ቅጠሉን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አብዛኛውን ያቃልለዋል።

የአዲስ አበባው ጠላት ብርድ ነው። ከተማዪቱ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ቤቶቿም ማሞቂያ የሌላቸው ስለ ሆኑ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሊሾው ወለል እንደ ደጁ ሊቀዘቅዝ ይደርሳል፤ ድራሴና ደግሞ ሙቀቱ ከ10 ወይም ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጎዳል። ማሰሮውን ከወለሉ አንሥቶ በበርጩማ ላይ ማስቀመጥና ማታ ከመስኮቱ መስተዋት ማራቅ ቀላል ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከዚህ ይከፋሉ፤ ፀሐይ ጠፍታ፣ አየሩ ረጥቦ፣ አፈሩ አልደርቅ ሲል፣ ውኃ ማጠጣቱን በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ እስኪሆን ድረስ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ቀዝቃዛና ርጥብ የሆነ አፈር ከሁለቱ ከእያንዳንዳቸው ይልቅ ይገድላልና።

ስለዚህ ተክል ከሚነገሩት ወሬዎች አንዱ የቤትን አየር ከመርዝ ያጠራል የሚለው ነው። ወሬው ሥር የሌለው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ባወጣው ዘገባ፣ ቢል ዎልቨርተን የተባለው ሳይንቲስት ድራሴናን ከሌሎች ዕፀዋት ጋር በተዘጋ ጠባብ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ አንዳንድ መርዘኛ ጋዞችን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ሳሎን ግን የተዘጋ ሣጥን አይደለም፤ በበሩና በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ብቻውን ከተክሉ የበለጠ ይሠራል። በ2019 የወጣ ሌላ ምርመራ ያለፉትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያሰላ፣ ከዚህ ነፋስ ጋር የሚተካከል ሥራ ለመሥራት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1,000 ተክል መደርደር እንደሚያስፈልግ አገኘ፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ የሚቀመጥበት ቦታ አይኖረውም። መስኮት መክፈት ይሻላል። ቅጠሉን እንዲያብረቀርቅ ብለው ዘይት የሚቀቡትም ይህን ልማድ ቢተዉት እመክራለሁ፤ አቧራውን ይሰበስባል፣ መተንፈሻውን ይደፍናል። ውሻና ድመት ያለው ሰው ደግሞ ቅጠሉን እንዳያኝኩት ይጠብቅ፤ ያስመልሳቸዋል።

ብዙ ዓመት በአንድ ስፍራ ደልቶት የኖረ ድራሴና አንዳንድ ጊዜ፣ ባለቤቱ ሳያስበው፣ ከራሱ ላይ ረዥም ዘንግ አውጥቶ ያብባል። እንቡጡ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው፤ አበባው ሲከፈት ነጭ ይሆናል፤ የሚከፈተውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ በደን ውስጥ የሌሊት በራሪዎችን የሚጠራበት መዓዛው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲታፈን እጅግ ያይላል፤ ደስ የሚለው ሰው አለ፣ ራሱን የሚያመውም አለ፤ ከአበባው የሚንጠባጠበው ማር መሳይ ፈሳሽ ከወለሉ ላይ ይጣበቃል። መዓዛው የከበደው ሰው ዘንጉን ቢቆርጠው ተክሉን አይጎዳውም። ያበበው ራስ ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ ማደጉን ያቆማል፤ ከበታቹ ያሉት እንቡጦች ይነሡና ግንዱ ቅርንጫፍ ይከፍላል።

ሳያብብ ጣራ የነካውን ደግሞ ከተፈለገው ቁመት ላይ በተሳለ መጋዝ መቁረጥ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የከፋው ገበሬ ገጀራ ያልገደለውን የሳሎኑ መጋዝ አይገድለውም። የተቆረጠው ጫፍ በሻማ ሰም ይታሸግ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከበታቹ እንቡጥ ይወጣል። የወረደው ራስ ከቅጠሉ ጋር ለብቻው ይተከላል፤ በመካከል የቀረው ራቁት ግንድ ደግሞ አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር ተቆራርጦ ለጎረቤትና ለዘመድ የሚታደል ችግኝ ይሆናል። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁራጮቹ ከወደቁ በኋላ የላዩና የታቹ ጫፍ አይለይም፤ ተገልብጦ የተሰካውም ብዙውን ጊዜ ሥር ሳይሰድ ይበሰብሳል። ስለዚህ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት የየቁራጩ የታች ጫፍ በከሰል ምልክት ይደረግበት።